ልጅን ያለ እሹሩሩ ማስተኛት፦ በአንድ ክፍል ቤትም የሚሠራ አካሄድ

የ8 ወር ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጡት እንደጎረሰ እንቅልፍ ይወስደዋል። እናቱ ትንፋሿን ይዛ ታስተኛዋለች። 3 ሰዓት ሳይሞላ ብድግ ይላል። እንደገና ጡት፣ እንደገና ማስተኛት፤ እስኪነጋ አምስት ስድስት ጊዜ። ጎረቤት «ርቦት ነው» ይላል፣ አያት «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ፣ ሌላው በጥርስ ያመካኛል። ልጁ ጤነኛ ከሆነ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

የሕፃን እንቅልፍ አንዱ ዙር ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ያህል ነው፤ የአዋቂ 90 ደቂቃ ገደማ። በየዙሩ መጨረሻ ማንም ሰው ትንሽ ነቃ ይላል፣ ይገላበጣል፣ ይቀጥላል። ጡት ጎርሶ ወይም ታዝሎ የተኛ ልጅ ግን ነቃ ሲል ጡቱም ጀርባውም የሉም። የሚያለቅሰው የጎደለበትን ፍለጋ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚያርፈው ማታ የመጀመሪያውን እንቅልፍ በምን ተኛ በሚለው ላይ ነው። ያ ከተስተካከለ የሌሊቱ መንቃት በአብዛኛው ተከትሎ ይስተካከላል። የተለየ ክፍል ለልጁ መኖሩ ወይም አለመኖሩ እምብዛም ለውጥ አያመጣም፤ ውጭ አገር ያሉ ወገኖች «ስሊፕ ትሬኒንግ» የሚሉትን፣ ልጅ በራሱ እንቅልፍ እንዲወስደው ማስለመድን፣ በአንድ ክፍል ቤትም መሥራት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በአበሻ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመር የሚቻለው መቼ ነው?

ከ6 ወር በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከ4 ወር በታች አይሞከርም፤ በዚያ ዕድሜ ሌሊት መጥባት የሰውነቱ ፍላጎት ነው፣ ቀንና ሌሊቱም ገና አልተለየለትም። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜው የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን አንሥቶ ነው።

በጤና ጣቢያው የዕድገት መከታተያ ካርድ ላይ የክብደቱ መስመር ወደ ታች ከታጠፈ ወይም አልወጣም ብሎ ከቆመ፣ እንቅልፍ ማስለመዱ ይቆይና ክብደቱ ይቅደም። ቀርቶ የማያውቅ ማንኮራፋት ወይም በአፍ መተንፈስ ካለ ቶንሲሉን ሐኪም ይየው። ጋደም ሲል የሚብስ፣ ቀጥ አድርገው ሲይዙት የሚቀንስ ለቅሶ ጆሮውን ለማስመርመር በቂ ምክንያት ነው። ሌሊቱን ሙሉ እግሩን የሚያወራጭ ልጅ የብረት ማነስ ሊኖርበት ስለሚችል ደሙን ማስመርመር ነው። ይህን ሁሉ ሳያጣሩ ማስለመድ የታመመን ልጅ ማስለቀስ ይሆናል።

«ግግ አብቅሎ ነው» ብሎ ያልወጣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ ወይም እንጥል ማስቆረጥ፣ ለእንቅልፍ ምንም አይጠቅምም፤ ደም ያፈስሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሕፃናት ሞተውበታል። ከፋርማሲ የሚገዛ የአለርጂ ሽሮፕ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ብቻ መስጠትም እንዲሁ ነው። በተለይ ፕሮሜታዚን የሚባለው ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ማር የተበጠበጠበት ውሃም 1 ዓመት ሳይሞላው አይሞከር፤ ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

2. ሦስት ቀን መመዝገብ

ምንም ሳትቀይሩ ሦስት ቀንና ሌሊት ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ በምን ተኛ (ጡት፣ ጡጦ፣ ጀርባ፣ ጭን)፣ ስንት ሰዓት ነቃ፣ በምን ተመልሶ ተኛ። ቀን የሚይዘው ሞግዚት ወይም አያት ከሆኑ እነሱም ይጻፉ፤ መጻፍ ካልተመቻቸው ሲጠየቁ ይንገሯችሁ። «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም» የሚባለው ልጅ ሲቆጠር በድምሩ 11 ሰዓት ተኝቶ፣ ችግሩ መቆራረጡ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ወይም ከቀኑ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ታዝሎ ስለሚተኛ ማታ እንቅልፍ የለውም።

3. ሰዓቱን ማስያዝ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት የቀኑም የሌሊቱም እንቅልፍ ተደምሮ ከ4 እስከ 11 ወር ላለ ልጅ ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14፣ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው።

ማስያዝ የሚጀመረው ከመኝታው ሰዓት አይደለም፤ ከጠዋቱ መነሻ ነው። ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ቀስቅሱት፣ መጋረጃውን ክፈቱ፣ ደጅ አውጡት። የ10 ወር ልጅ ቀን ይህን ሊመስል ይችላል፦ ጠዋት 12፡30 ይነሣል፤ 3፡30 ይተኛና 4፡45 ይነቃል፤ 8፡00 ይተኛና 9፡15 ይነቃል፤ ከዚያ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ከምሽቱ 1፡15 ማታውን ይተኛል። ከ13 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የቀኑ እንቅልፍ ወደ አንድ ይወርዳል፤ እሱም ከምሳ በኋላ ቢሆን ነው፣ ከ10 ሰዓት ባያልፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳተው «ይድከም፣ ከዚያ ድብን ብሎ ይተኛል» በማለት ነው። ሰዓቱ ያለፈበት ሕፃን ድካሙን የሚያሳየው በመፍዘዝ ሳይሆን በመሯሯጥ፣ ያለ ምክንያት በመሳቅና በመነጫነጭ ነው። እንቅልፍም ቶሎ አይወስደውም፣ ከወሰደውም ይቆራረጣል። መያዝ ያለበት የመጀመሪያው ምልክት ነው፦ ዓይኑን ማሸት፣ ጆሮውን መጎተት፣ አንድ ቦታ ላይ መፍዘዝ። ሲያለቅስ ጠብቃችሁ ከሆነ ሰዓቱ አልፏል።

የአባት መግቢያ ሰዓትም ያስቸግራል። 2 ሰዓት ላይ በር ሲንኳኳ ድብታ የያዘው ልጅ ይፈነድቃል፤ አባትም ቀኑን ሙሉ ያላየውን ልጅ ወደ ላይ ይወረውራል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ አይተኛም። አባት ከ1 ሰዓት በፊት መድረስ ካልቻለ የጠዋቱ ማልበስና ቁርስ የሱ ይሁን፤ ማታ ግን ልጁ አልጋ ከገባ በኋላ ቢገባ ጫማውን በር ላይ ያውልቅ።

4. ቦታውን ማዘጋጀት

1 ዓመት ያልሞላው ልጅ በጀርባው፣ ጠፍጣፋና ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ ይተኛል። ትራስ፣ ጋቢ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አይኖርበትም። ብርድ ከሆነ (የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀላል አይደለም) ቱታና ካልሲ ይደረብለት እንጂ ፊቱን ሊሸፍን የሚችል ነገር አይጣልበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቢያንስ እስከ 6 ወር ከወላጅ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ እንዲተኛ ይመክራል፤ ይህ ለአንድ ክፍል ቤት የሚስማማ ምክር ነው።

አልጋ ከሌለ ትንሽ ፍራሽ መሬት ላይ ይበቃል። ከግድግዳው ጋር ክፍተት ፈጥሮ ልጁ እንዳይወሸቅበት ግን በደንብ ራቅ ይበል። በመኝታው ዙሪያ ገመድ ወጥሮ መጋረጃ ማንጠልጠል ከሁሉ የሚረዳ ነገር ነው፤ ሌሊት ነቃ ሲል እናቱን ካላያት በራሱ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። መጋረጃው እጁ የማይደርስበት ይሁን። ወባ ባለበት አካባቢ አጎበሩ በፍራሹ ሥር በሚገባ ይጠቅጠቅ።

ቡና የተፈላበት ወይም ለሙቀት የተቀጣጠለ ከሰል ሕፃን በተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ አያድርም፤ ፍም ብቻ ቢቀርም ጭሱ የማይታየው ጋዝ ይገድላል። የውሻ ጩኸት፣ የሰፈር ሙዚቃ ወይም የንጋት ድምፅ ማጉያ ካስቸገረ ቬንቲሌተር፣ ወይም ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ዝቅ ብሎ ቢከፈት ያን ይሸፍናል። ከልጁ ጆሮ ግን ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። ቴሌቪዥኑ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይጥፋ፤ በአንድ ክፍል ቤት ይህ ለቀሪው ቤተሰብ ከባድ መሥዋዕትነት እንደሆነ ይታወቃል፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

5. የማታው ቅደም ተከተል

መኝታው ከምሽቱ 1፡30 ነው እንበል። 12፡15 ላይ ራት፤ 12፡45 ላይ ገላ መታጠብ፣ ውሃ ከሌለ ፊትና እግር በለብታ። 1፡00 ላይ ጡት ወይም ጡጦ፣ መብራት በርቶ፣ ከአልጋው ውጭ ተቀምጦ። 1፡15 ላይ ጥርሱን ወይም ድዱን መጥረግ፣ ዳይፐር፣ የሌሊት ልብስ። 1፡22 ላይ መብራት ይቀንሳል፣ አንድ ዜማ። 1፡28 ላይ ወደ አልጋ። ደቂቃው ቢዛነፍ ግድ የለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይዛነፍ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጡትን ከእንቅልፍ መለየት ነው። ከሁለቱ መካከል ቢያንስ 15 ደቂቃ ይግባ። ልጁ ሲጠባ መንጋጋውን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ እየዋጠ በረጅሙ ይስባል፤ ሆዱ ሲሞላ መዋጡ ይቆምና ከንፈሩ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል። ያኔ መመገቡ አልቋል፣ እንቅልፍ ማምጣቱ ነው የቀረው። ትንሿን ጣት በከንፈሩ ጥግ አስገብታችሁ አየሩን ልቀቁና ጡቱን አውጡ። ስቦ ቢያወጡት ይናከሳል፣ ይነቃል። ዓይኑ ከተከደነ ዳይፐሩን በመቀየር ነቃ አድርጉት፤ የተኛ ልጅ አልጋ ላይ ማስቀመጥ ወደ ዜሮ መመለስ ነው።

ስታወርዱት መቀመጫው መጀመሪያ ፍራሹን ይንካ፣ ከዚያ ጀርባው፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱ። ጭንቅላቱ ከቀደመ የሚወድቅ መስሎት እጁን ዘርግቶ ይባንናል። እጃችሁን ደረቱ ላይ ለግማሽ ደቂቃ አሳርፉ፤ ክብደቱን ቀስ በቀስ አንሡ። አንድ ቃል ምረጡ፣ «ደህና እደር፣ እዚሁ ነኝ» ይበቃል፣ በየማታው እሱኑ ብቻ።

እሹሩሩ አይከለከልም። አልጋው ድረስ ይዘመርለት፣ ዓይኑ ሳይከደን ይቁም።

6. ከሦስት ዘዴዎች አንዱን መምረጥ

በሰዓት እየቆጠሩ መግባት። ልጁን አስተኝታችሁ ትወጣላችሁ (ወይም ከመጋረጃው ጀርባ ትሆናላችሁ)። ካለቀሰ በስልክ ሰዓት ያዙ። በ1ኛው ሌሊት ከ3 ደቂቃ በኋላ ትገባላችሁ፣ ከዚያ ከ5፣ ከዚያ በየ10 ደቂቃው። በ2ኛው ሌሊት 5፣ 10፣ 12። በ3ኛው 10፣ 12፣ 15። ስትገቡ ከ1 ወይም ከ2 ደቂቃ በላይ አትቆዩ፤ ያቺን ቃል ትናገራላችሁ፣ ትነኩታላችሁ፣ አታነሡትም፣ ትወጣላችሁ። ሌሊት ሲነቃም በዚያው ሌሊት ቁጥር ከመጀመሪያው ትቆጥራላችሁ። የሚያጉረመርም እንጂ የማያለቅስ ከሆነ አትግቡ፤ መግባታችሁ ይቀሰቅሰዋል። «ለቅሶው ይጎዳዋል?» ለሚለው፣ በ2016 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት ከ6 እስከ 16 ወር ባሉ 43 ሕፃናት ላይ የጭንቀት ሆርሞን በምራቅ ለክቶ፣ ከዓመት በኋላም ከእናታቸው ጋር ያላቸውን ትስስርና ጠባያቸውን አይቶ፣ ካልሠለጠኑት የተለየ ጉዳት አላገኘም። ናሙናው ትንሽ ነው፤ ለማረጋጋት ግን ይበቃል።

በርጩማ ይዞ መቀመጥ። በግቢ ከሌሎች ጋር ለሚኖር፣ ግድግዳው ስስ ለሆነበት፣ ለቅሶ ለማይችል ይህ ይሻላል። ከ1ኛው እስከ 3ኛው ሌሊት በርጩማው አልጋው ሥር ነው፣ እጅ ደረቱ ላይ። ከ4 እስከ 6 በርጩማው እዚያው፣ እጅ የለም። ከ7 እስከ 9 አንድ ሜትር ይርቃል። ከ10 እስከ 12 በሩ ወይም መጋረጃው ጋ። ከዚያ ከመጋረጃው ወዲያ። የተቀመጠው ሰው አያወራም፣ ዓይን ለዓይን አይገጥምም፣ ስልክ አይከፍትም፤ የስልኩ ብርሃን ልጁን እንደ መብራት ይጠራዋል። እናት ስትቀመጥ ጡት የሚሸተው ከሆነ አባት ወይም አክስት ይቀመጡ። ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ አሰልቺም ነው፤ የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በ8ኛው ሌሊት ገደማ የሚመጣው የወላጅ መሰላቸት ነው።

ሰዓቱን አዘግይቶ መመለስ። ምዝገባው ልጁ በትክክል እንቅልፍ የሚወስደው 3፡30 ላይ መሆኑን ካሳየ ለሁለት ሌሊት 3፡30 ላይ አስተኙት። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከተኛ ወደ 3፡15፣ ከሁለት ሌሊት በኋላ ወደ 3፡00፣ እያለ ወደ ምትፈልጉት ሰዓት ይሳባል። ካልተኛ 15 ደቂቃ አዘግዩት። የጠዋቱ መነሻ ግን አይነካም፤ እሱ ከተለቀቀ ዘዴው በሙሉ ይበላሻል። ለቅሶው ከሦስቱ ያነሰ ነው።

የቀኑን እንቅልፍ አብራችሁ አትጀምሩ። ሌሊቱ ሳምንት አሥር ቀን እስኪይዝ ሞግዚቷ በአንቀልባ ብታስተኛውም ችግር የለም።

7. የሌሊት ጡት

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ፣ ቀንም ሌሊትም ልጁ ሲፈልግ ማጥባትን ይመክራል። ስለዚህ ሌሊት ማጥባት ያልመረራት እናት ማቆም የለባትም፤ ልጁ ማታ በራሱ መተኛት ሲችል ከአምስት ወደ አንድና ሁለት ይወርዳል፣ ልጁ ራሱ የሚፈልገውም ይህን ያህል ብቻ ነው። መቀነስ የምትፈልግ እናት ልጁ 6 ወር ካለፈው፣ ምግብ ከጀመረና ክብደቱ ደህና ከሆነ፣ የሌሊቱን መጥባት በሰዓት ትለካ። ከ5 ደቂቃ በታች ከሆነ ያን አንዱን ማቆም ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ በየሁለት ሌሊቱ 2 ደቂቃ ይቀንስ። ጡጦ ከሆነ በየሁለት ሌሊቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይቀንስ፤ ዱቄቱን በውሃ ማቅጠን አይፈቀድም። የተቀነሰው ቀን ላይ ይተካ፦ ወፈር ያለ ገንፎ በቅቤ ወይም በዘይት፣ እንቁላል፣ ተጨማሪ ጡት። ቀን እየተጫወተ በደንብ የማይጠባ ልጅ ሌሊት መካሱ አይቀርም፤ ጸጥ ያለ ጥግ ይዛችሁ አጥቡት። ጡጦ አጉርሶ ማስተኛት ግን በማንኛውም ዕድሜ ጥርስ ያበሰብሳል።

8. የሚበላሽበት ቦታ

2ኛው ወይም 3ኛው ሌሊት ከ1ኛው ይብሳል። ልጁ የቀድሞው እንዲመለስለት አጥብቆ ሲሞክር ነው። አብዛኛው ቤት የሚተወው እዚህ ላይ ነው፣ የሚከፋውም መተው ይኸው ነው፤ 50 ደቂቃ አልቅሶ ጡት ያገኘ ልጅ የተማረው ነገር 50 ደቂቃ ማልቀስ እንዳለበት ነው። መቀጠል እንደማትችሉ ካወቃችሁ በመጀመሪያው 3 ደቂቃ አንሡት፣ ወይም ወደ በርጩማው ተሻገሩ።

አልቅሶ ካስመለሰው መብራት ሳታበሩ፣ ሳታወሩ አጥባችሁ ልብሱን ቀይሩና መልሱት።

አያት። ከመጀመራችሁ በፊት አስረዷቸው፣ በመጀመሪያው ሌሊት ለቅሶ ሲሰሙ አይደለም። «እማዬ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንቺ ነሽ የምታነሺው፤ ማታ ግን ለኛ ተዪልን» ቢባሉ፣ ድርሻ ስላላቸው ይቀበላሉ። ጎረቤትንም አስቀድሞ «ልጁን ለብቻው እያስለመድነው ነው፣ ሦስት አራት ሌሊት ይጮኻል» ማለት በር ከመንኳኳት ያድናል።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚነሣ። ብርሃን ከገባ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ። የቀኑ የመጀመሪያ እንቅልፉ ቀድሞ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ እሱ የሌሊቱ ቅጣይ ሆኗል፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ አዘግዩት። ማታ ዘግይቶ ማስተኛት አይረዳም፣ ብዙ ጊዜ ጭራሽ ያስቀድመዋል።

ተኝቶ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይቆይ ዓይኑን ገልጦ የሚጮኽ፣ እናቱን እያየ የማያውቃት፣ ላብ የሚያሰምጠው ልጅ ቤቱን ሁሉ ያስደነግጣል። ይህ መባነን ነው፣ በተለይ ከ3 ዓመት በኋላ የሚታይ፣ ከበሽታ የማይቆጠር፣ ድካም የሚያብሰው። አትቀስቅሱት፤ እንዳይወድቅ ጠብቁት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፣ ጠዋት አያስታውሰውም። ቅዠት ግን ወደ ንጋቱ ነው የሚመጣው፣ ልጁም ነቅቶ ያያችኋል፤ እሱን አቅፉት።

ከአልጋ የሚወርድ የ2 እና የ3 ዓመት ልጅ። ቃል ሳትናገሩ እጁን ይዛችሁ መልሱት፤ አሥራ አምስት ጊዜም ቢሆን። 3 ዓመት ካለፈው በየማታው አንድ ቁራጭ ካርቶን ስጡት፦ በሱ አንድ ጊዜ ብቻ ውሃ መጠየቅ፣ ሽንት መሄድ ወይም መታቀፍ ይችላል፣ ከዚያ ካርቶኑን ያስረክባል። ያልተጠቀመበት ማታ ጠዋት ትንሽ ነገር ያገኝበታል። ብዙዎቹ ካርቶኑን ጨብጠው ይተኛሉ። «ተኛ፣ አያ ጅቦ መጣ» ግን ይቅር። ዓይኑን ቢያስከድነውም፣ ጨለማ የሚያስፈራ ቦታ እንደሆነ ያስተማረው እናቱ ናት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ብቻዬን አልተኛም እንዳለ ትገረማለች።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ላላችሁ፣ በበጋችሁ ፀሐይ በብዙ ቦታ እስከ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ስለማትጠልቅ ጥቁር መጋረጃ የግድ ነው። ሰዓት ሲቀየር አራት ቀን ቀድማችሁ በየቀኑ 15 ደቂቃ አንሸራትቱት። ከምሥራቅ አሜሪካ አዲስ አበባ ስትገቡ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያው ጠዋት ቀስቅሱትና ደጅ አውጡት፣ ሌሊት ቢነቃም መብራት አታብሩ፣ ምግብ ከፈለገ በጨለማው ጥቂት ስጡት። የዘመድ ቤት ስለሆነ በበዓል ሰሞን ሥርዓቱ መፍረሱ አይቀርም፤ ያቺ ቃልና ያው ዜማ ብቻ እንዳይቀሩ።

ልጁ ሲያተኩሰው ሁሉም ይቁም። አቅፋችሁ አሳድሩት፣ ሲፈልግ አጥቡት። ትኩሳቱ ከለቀቀው በ2ኛው ማታ እንደገና ከ3፣ ከ5፣ ከ10 ደቂቃው፣ ወይም በርጩማውን አልጋው ሥር በማስቀመጥ ትጀምራላችሁ። ያን ጊዜ የሚፈጀው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ነው።